የጦር ሠራዊት ያሳደገው ልጅ፤ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የሕይወት ታሪክ

ጦርነት ሲያበቃ የሞተው ሰው ይቈጠራል፤ የተቃጠለው ቤት ይቈጠራል፤ የተማረከው ጠመንጃም ይቈጠራል። ሳይቈጠሩ የሚቀሩ ግን አሉ፤ እነርሱም ጦርነት የወለዳቸው ወይም ከእናታቸው እቅፍ የነጠቃቸው ሕፃናት ናቸው። ኢጣልያ በ1933 ዓ. ም. ከአገራችን ተባርሮ ሲወጣ፣ ጦሩ ሰፍሮባቸው በነበሩት ከተሞች አባታቸው የባዕድ ወታደር የሆነ ልጆች ቀርተዋል። ደብረ ብርሃን የጠላት ጦር ሰፈር ከነበሩት ከተሞች አንዷ ናት፤ ከእርሷ በስተ ሰሜን ያለው የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ ደጋ ደግሞ አርበኛው ዱር ቤቴ ብሎ የተዋጋበት ምድር ነው። በእንደዚህ ያለ አገር፣ ወንድሙ በጥይት የወደቀበት ሰው የጠላትን መልክ የያዘ ሕፃን በጎረቤቱ ደጅ ሲጫወት ቢያይ ልቡ ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም። ነገር ግን ሕፃኑ ምን አጠፋ? ይህ ሕፃንስ የማን ነው?

ይህን ጥያቄ እንዲያው በቃል ከምንከራከርበት የአንድ የታወቀ ሰው ሕይወት ብንመረምር የሚሻል መስሎ ታይቶናል። ሰውየው አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። እርሳቸው ከባዕድ አልተወለዱም፤ አባታቸውም እናታቸውም ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ይሁን እንጂ የባዕድ ወታደሮች ከጦር ሜዳ አንሥተው፣ ስማቸውን አውርሰውና ገንዘባቸውን ከፍለው አሳደጓቸው። ስለዚህ ከወታደር የተወለደውን ልጅ የሚገጥመው ጥያቄ ሁሉ፣ ማለትም የስም፣ የቋንቋና የአገር ጥያቄ፣ እርሳቸውንም ገጥሟቸዋል። የሕይወታቸው ታሪክ እኛን የሚጠቅመን በዚህ ምክንያት ነው።

ወርቅነህ በ1857 ዓ. ም. በጎንደር ተወለደ። የአባቱ ስም እሸቴ፣ የእናቱ ስም ደስታ ይባል ነበር። ያ ዘመን የዐፄ ቴዎድሮስ መንግሥት ወደ መጨረሻው ያዘነበለበት ዘመን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የእንግሊዝን ቆንስልና ሚሲዮናውያኑን በእግር ብረት አስረው በያዙ ጊዜ፣ የእንግሊዝ መንግሥት በጄኔራል ናፒየር የሚመራ 13,000 ያህል ወታደር ከሕንድ በባሕር አሻግሮ ላከ። ከባዱን መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖችም አብረው መጥተው ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ. ም. መቅደላ ተሰበረች፤ ዐፄ ቴዎድሮስም እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ሞትን መርጠው ራሳቸውን ሠዉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ዘረፋ በታሪክ የታወቀ ነው። ዘውዱ፣ ጽዋው፣ ታቦቱና የብራናው መጽሐፍ ከመቅደላ ወረደ። ምርኮው በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ተሸጠ። 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ለብሪቲሽ ሙዚየም ደረሱ። ለመጻሕፍቱ ዝርዝር ተጽፎላቸዋል፤ ዛሬም የት መደርደሪያ ላይ እንዳሉ ይታወቃል። በዚያ ግርግር ከወላጆቹ ጋር ተጠፋፍቶ ብቻውን ለቀረው የሦስት ዓመት ሕፃን ግን ዝርዝር የጻፈለት አልነበረም። ያገኙት የእንግሊዝ መኰንኖች አዝነውለት ወሰዱት። ጦሩ ወደ መጣበት ሲመለስ ልጁም አብሮ ባሕር ተሻግሮ ሕንድ አገር ገባ።

ልጁን የወሰደው ኮሎኔል ቻምበርሌን የሚባል መኰንን ነበረ። ቻምበርሌን ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሲሞት፣ ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኰንን የትምህርት ቤቱን ወጪ ይከፍልለት ጀመር። ልጁ ከአንዱ መኰንን ቻርልስ የሚለውን ስም፣ ከሁለተኛው ማርቲን የሚለውን ወርሶ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በአምሪትሳር ከተማ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረ። ከዚያም ላሆር ከነበረው የሕክምና ኮሌጅ ገብቶ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1882 ዓ. ም. ተመረቀ። ቀጥሎም ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ በሕክምና ተጨማሪ ማዕረግ ካገኘ በኋላ፣ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር በነበረችው በበርማ የመንግሥት ሐኪም ሆኖ ተሾመ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አማርኛ ከአፉ ጠፍቶ ነበር። እናትና አባቱ ያወጡለትንም ስም አያውቀውም ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ስለ ሌላው የመቅደላ ልጅ መናገር ይገባናል። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲጓዙ በመንገድ ሞቱ። ልዑሉም ባሻ ፈለቀ እየተባለ በአገራችን ይታወቅ ለነበረው ለካፒቴን ስፒዲ ተሰጠ። ንግሥት ቪክቶሪያ አዘነችለት፤ በታላላቅ ትምህርት ቤቶችና በጦር አካዳሚ አስገቡት። ይሁን እንጂ እንክብካቤው ናፍቆትን አላራቀለትም። በፈረንጅ አቈጣጠር ኅዳር 14 ቀን 1879 ዓ. ም. በ18 ዓመቱ በሊድስ ከተማ በሳንባ በሽታ ሞተ፤ በዊንድዘርም በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። አገሩ ዐፅሙ እንዲመለስላት ደጋግማ ጠይቃለች። በፈረንጅ አቈጣጠር በ2023 ዓ. ም. ከእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የተሰጠው መልስ እንደማይመለስ የሚገልጽ ነበር።

ሁለቱ ሕፃናት ከአንድ አምባ፣ በአንድ ወር፣ በአንድ ሠራዊት ተወስደዋል። አንደኛው የንጉሥ ልጅ በመሆኑ ንግሥት አወቀችው፤ ሁለተኛው ማንም የማያውቀው ልጅ ነበረ። ዳሩ ግን በሕይወት ወደ አገሩ የተመለሰው የማይታወቀው ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ብለን ስንጠይቅ ሁለት ምክንያቶች እናገኛለን። የመጀመሪያው የራሱ ፈቃድ ነው፤ ከየት እንደ መጣ አልረሳም፤ ሙያውንም ይዞ መነሣት የሚችል ሰው ሆኗል። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ በአዲስ አበባ ትኖር በነበረች በአንዲት አሮጊት እጅ ነበረ።

የዐድዋ ድል ዜና በዓለም በተሰማ ጊዜ ሐኪሙ ወደ አገራቸው የመግባት አሳብ በረታባቸው። ጥቂት ዓመታት ቆይተውም መንገዱ ተሳክቶላቸው በሐረር በኩል አዲስ አበባ ደረሱ፤ ዐፄ ምኒልክም ተቀበሏቸው። የእንግሊዝ ልብስ የለበሰ፣ እንግሊዝኛ የሚናገር፣ ነገር ግን ኢትዮጵያዊ ነኝ የሚል ሐኪም መምጣቱ በከተማው ተወራ። ወሬውን ከሰሙት መካከል ከመቅደላ ጀምሮ የልጅ ልጃቸው የጠፋባቸው አንዲት አሮጊት ነበሩ። አሮጊቷ ቀርበው ልጁ በሰውነቱ ላይ ጠባሳ እንደ ነበረው ተናገሩ። ሲታይም ጠባሳው ባሉት ስፍራ ተገኘ። ሠላሳ ዓመት ያህል ቻርልስ ማርቲን ሲባሉ የኖሩት ሰው ስማቸው ወርቅነህ፣ የአባታቸውም ስም እሸቴ መሆኑን ያን ቀን ዐወቁ። ወላጆቻቸው ወርቅ ነህ ብለው እንደ ሰየሟቸው ሲሰሙ ምን እንደ ተሰማቸው አንባቢ በልቡ ይመዝነው።

ይህን ነገር ልብ ብለን እንየው። አሮጊቷ ሐኪሙን በተቀበሉ ጊዜ የማን ልብስ እንደ ለበሱ፣ የማንን ቋንቋ እንደሚናገሩ፣ የማንን ስም እንደ ያዙ አልመረመሩም። ሐኪሙ እኮ አያትየው ያሉበትን አምባ የሰበረውን ሠራዊት ስም ተሸክመው ነበር የመጡት። አያት ግን የፈለጉት የልጃቸውን ልጅ ነው፤ አገኙት፤ ወሰዱት።

ሐኪም ወርቅነህ በዚያ ጊዜ ጠቅልለው አልተቀመጡም። ሥራቸው በርማ ስለ ነበረ እየተመላለሱ ቆዩ። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1908 ዓ. ም. ዳግመኛ መጥተው ዐፄ ምኒልክን በሕመማቸው ጊዜ ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሆኑ። ወይዘሮ ቀጸላን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ። ከእንግሊዝ መንግሥት አገልግሎት ጡረታ ከወጡ በኋላ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1919 ዓ. ም. ጠቅልለው አገራቸው ገቡ። አማርኛንም ካደጉ በኋላ እንደ ተማሪ ተማሩት፤ በቋንቋውም እስከ መጻፍ ደርሰው ለትምህርት ቤት የሚሆን የጂኦግራፊ መጽሐፍ አዘጋጁ።

በ1917 ዓ. ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ተቈጣጣሪው እርሳቸው ነበሩ። ከዚያ ትምህርት ቤት ስንት ሰው እንደ ወጣ እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይነገረን የምናውቀው ነው። በዚያው ዘመን ከጓደኞቻቸው ጋር የፍቅርና የአገልግሎት ማኅበር አቋቁመው፣ ከባርነት ነጻ ለወጡ ልጆች ትምህርት እንዲሰጥ ደከሙ። ይህ ሥራቸው ከሌላው ሁሉ ይልቅ እኛን ይነካናል። ከባርነት የወጣ ልጅም አባቱ ማን እንደ ሆነ፣ አገሩ የት እንደ ሆነ ሲጠየቅ መልስ የሌለው ልጅ ነውና። ሐኪም ወርቅነህ ይህን ጥያቄ በራሳቸው ላይ አይተውታል፤ ስለዚህ መልሱ ፊደልና እንጀራ መሆኑን ለመረዳት አልቸገራቸውም።

በ1920 ዓ. ም. ስለ ጣና ሐይቅ ግድብ ጉዳይ ለመነጋገር ወደ አሜሪካ ተላኩ። በዚያም ወደ ሃርለም ሄደው ጥቁር አሜሪካውያን በሙያቸው ኢትዮጵያን እንዲረዱ ጋበዙ። ከዚያ በኋላ የጨርጨር ገዥ ሆነው ተሾሙ። አሰበ ተፈሪን መቀመጫቸው አድርገው መንገድ በማሠራትና አስተዳደሩን በማሻሻል ጨርጨርን ለሌሎች ጠቅላይ ግዛቶች ምሳሌ እንዲሆን ጣሩ። የኢጣልያ ወረራ በመጣ ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ መንግሥት ሚኒስትር ነበሩ። ከመቅደላ በሕፃንነታቸው የወሰዳቸው መንግሥት በተቀመጠበት ከተማ፣ ሽበት አብቅለው፣ ስለ ኢትዮጵያ ነጻነት ለመከራከር ቆሙ። የእንግሊዝኛ ስማቸውን አልጣሉትም፤ በዚያ ስም እየፈረሙ ለአገራቸው ሠሩበት።

ያ ጦርነት ግን ከእርሳቸው ከባድ ዋጋ ተቀበለ። በእንግሊዝ አገር ኢንጂኒየርነት የተማሩት ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም አገራቸው ገብተው ከጥቁር አንበሳ ማኅበር ጋር ተሰልፈው ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ. ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ኢጣልያ የተማረውን ወጣት እየለቀመ ሲገድል ሁለቱም ተገደሉ። አባት ከባዕድ ወታደር እጅ በሕይወት ተርፈው ነበር፤ ልጆች በባዕድ ወታደር እጅ ወደቁ።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ሁለቱ ወንድማማቾች በተገደሉበት በዚያው በ1929 ዓ. ም. የሮማ መንግሥት ኢጣልያዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ እስራት እንዲቀጣ ዐወጀ። ሕጉ ግን የልጆቹን መወለድ አላቆመውም። በግንቦት ወር 1932 ዓ. ም. ደግሞ ስለ ልጆቹ ሌላ ሕግ ወጣ። ከኢጣልያዊ አባትና ከአገሬው እናት የተወለደ ልጅ እንደ አገሬው ሰው እንዲቈጠር፣ አባቱ ልጄ ብሎ እንዳይቀበለው፣ ስሙንም እንዳይሰጠው፣ የማሳደጉም ወጪ በእናቱ ላይ እንዲወድቅ ተደነገገ። አባትየው ልጁን ወድዶ ሊያሳድገው ቢፈልግ እንኳ ሕግ ይከለክለዋል። በዚህ ሚዛን ሲታይ ኮሎኔል ማርቲን ለማያውቀው ልጅ ያደረገውን፣ ኢጣልያዊው ወታደር ለገዛ ልጁ እንዳያደርግ ታገደ ማለት ነው።

የሮማ ሕግ አውጭዎች ስለ ደም ንጽሕና ይህን ሲጽፉ፣ ሠራዊታቸው በመንዝ ደጋ ምን ይሠራ እንደ ነበረ መዘንጋት የለብንም። በሚያዝያ ወር 1931 ዓ. ም. የራስ አበበ አረጋይ ወገኖች ከነሴቶቻቸውና ከነልጆቻቸው በተጠለሉበት በዘረት ዋሻ የመርዝ ጋዝ ተለቀቀባቸው፤ እጅግ ብዙ ሰው አለቀ። ስለዚህ የዚያ አገር ሰው የጠላትን ስም በመረረ አፍ ቢያነሣ የሚፈርድበት አይኖርም። የእኛ ጥያቄ ምሬቱ በማን ላይ ሊያርፍ ይገባል የሚል ነው።

የዚያው የመንዝ አገር ልማድ ራሱ አንድ መልስ ይሰጠናል። መንዝ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት የተከፈለ አገር ነው። በጥንቱ የአጽመ ርስት ሥርዓት ሰው መሬት የሚካፈለው ከአቅኚው አባት መወለዱን ቈጥሮ ነበር። ቈጠራው ግን በአባት በኩል ብቻ አልነበረም፤ በእናትም፣ በአያትም በኩል ይቈጠራል። ስለዚህ አባቱ ያልታወቀ ወይም ባሕር ማዶ የሄደ ልጅ በእናቱ ቈጥሮ ርስት ለመጠየቅ የሚያስችል መሠረት ነበረው። ዘመዱ ላያካፍለው ይሟገት ይሆናል፤ ርስት ያለ ሙግት የሚገኝበት አገር አልነበረምና። ሆኖም ሥርዓቱ ከናካቴው በሩን አልዘጋበትም። ርስቱ በ1967 ዓ. ም. የመሬት ዐዋጅ ቀርቷል፤ ከውስጡ ያለው አሳብ ግን ሊቀር የሚገባው አይደለም።

የመንግሥት ሕግም ከዚህ አሳብ ጋር ይስማማል። ከኢጣልያ ወረራ አስቀድሞ፣ በ1922 ዓ. ም. የወጣው የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ፣ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው ሲል ደነገገ። በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ የሠለጠኑ የተባሉ መንግሥታት ዜግነትን በአባት በኩል ብቻ ይሰጡ ነበር። በ1987 ዓ. ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 6 ይህንኑ አጽንቷል። እንግዲያስ ከኢጣልያዊ ወታደርና ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደውን ሕፃን የሮማ ሕግ በንቀት ወደ እናቱ ሲገፋው፣ የእኛ ሕግ ደግሞ በመብት ወደ እናቱ ያስጠጋዋል። ሁለቱ ሕጎች ልጁን ከአንድ ደጅ ያደርሱታል፤ አንዱ ወርውሮት፣ አንዱ ተቀብሎት።

ነገር ግን ሕግ ብቻውን ልጅን አያቅፍም። ይህም የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በኖርዌይ አገር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጀርመን ወታደሮች የተወለዱ ከ10,000 እስከ 12,000 የሚደርሱ ልጆች ነበሩ። አገሪቱ ነጻ ስትወጣ ብዙዎቹ ተሰድበዋል፤ ተገልለዋል፤ የጠላት ዘር ተብለው መከራ አይተዋል። የኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር በይፋ ይቅርታ የጠየቁት በፈረንጅ አቈጣጠር በ2000 ዓ. ም. ነው። ያን ጊዜ ልጆቹ ሽማግሌዎች ሆነው ነበር። በእኛም አገር ክልስ የሚለው ቃል፣ ከእርሱም የከፋው ዲቃላ የሚለው፣ በትምህርት ቤት ግቢ ሳይቀር የስንቱን ልጅ አንገት እንዳስደፋ የምናውቀው ነው። በስድቡ ጠላት አልተጎዳም፤ ጠላት ወደ አገሩ ሄዷል። የተጎዳው እዚሁ ተወልዶ፣ በአማርኛ አፉን የፈታው ልጅ ነው።

ሐኪም ወርቅነህ ጠላት ከአገር ከወጣ በኋላ ተመልሰው በ1945 ዓ. ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ። በሕይወታቸው ውስጥ ሁለት ሠራዊት ገብቶባቸዋል፤ አንዱ ወላጆቻቸውን፣ አንዱ ልጆቻቸውን አሳጣቸው። በመካከሉ ግን ትምህርት ቤት አቋቁመዋል፤ ሕመምተኛ አክመዋል፤ አገር አስተዳድረዋል፤ ለነጻነት ተከራክረዋል። አያታቸው በዚያን ቀን ይህ የእንግሊዝ ሰው ነው ብለው ፊታቸውን ቢያዞሩ ኖሮ፣ ሐኪሙ ወደ በርማ ተመልሰው ቻርልስ ማርቲን እንደ ሆኑ ይሞቱ ነበር ማለት ይቻላል። ያን ጊዜ የሚጐዳው እርሳቸው ብቻ አልነበሩም።

እኛም ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ይህን ነው። የጦርነትን ዕዳ ከሠራው ሰውና ካዘዘው መንግሥት እንጠይቅ፤ ታሪክ የምንማረው፣ ሰነድ የምናገላብጠውም ለዚህ ነው። ከሕፃን ግን አንጠይቅ። በየክፍላችን፣ በየመኝታ ቤታችን የአባቱን ስም ሲጠይቁት ዝም የሚል ጓደኛ ቢኖር፣ ዝምታውን ለመፍታት አንቸኩል፤ ለቀልድም አናድርገው። የእናቱ አገር አገሩ ነው። ከዚህ በላይ ማስረጃ እንዲያመጣ ልናስገድደው አይገባም።